ከሸክም በኋላ ያለች ሲኒ

በቀራንዮ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ባለው ዳገታማ ሰፈር፣ አባታቸው ሲሞት አንድ ገመድና አንድ የትከሻ ጨርቅ ያወረሳቸው ሁለት ወንድማማቾች ይኖሩ ነበር። አባትየው ዕድሜውን የጨረሰው በሸክም ነው። መኪና ከአጠና ተራ ጭኖ አስፋልት ዳር የሚያራግፈውን አጠና፣ መኪና ወደማይወጣበት ዳገት በትከሻው እያደረሰ ልጆቹን አሳደገ። ታላቁ ልጅ ገመዱን ወረሰ። ታናሹ ግን፣ ታላቁ “አንተማ ተማር” ብሎ አላስነካውም ስላለ፣ ትምህርቱን ቀጠለ።

ሁለቱም አንድ ነገር ይወዱ ነበር፤ ርዝመት ዝላይ። ሯጭ በሚከበርበት አገር ዝላይ መውደድ ትንሽ ብቸኝነት አለው። የሰፈሩ ልጆች ማለዳ ማለዳ ተሰልፈው ወደ ዳገቱ ሲሮጡ፣ እነዚህ ሁለቱ ካላለቀ ፎቅ አጥር ሥር ባለች ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ጉድጓዱን የቆፈሩት ራሳቸው ናቸው። ከግንባታው የተረፈውን አሸዋ ለምነው ሞሉት፤ መነሻ እንዲሆናቸውም አንድ ጣውላ ከመሬቱ እኩል አድርገው ቀበሩ። ከጣውላው ጫፍ እስከ ተረከዛቸው ምልክት በስንዝር ይለካሉ፤ የደረሱበት ቦታ ላይ ችካል ይተክላሉ። ታላቁ የራሱ ችካል አለው፣ ታናሹም የራሱ።

አንድ ሰሞን ታላቁ እንግዳ ነገር አስተዋለ። እሑድ ተኝቶ፣ አርፎ፣ ጠግቦ ሲመጣ ችካሉ ጋ ይደርሳል እንጂ አያልፈውም። በሥራ ቀን፣ የመጨረሻውን እስር ዳገቱ ላይ አራግፎ ሲመጣ ግን ችካሉን በአራት ጣት ያልፋል። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለው። ሲደጋገም አመነ። “ጉልበት የሚሰጠኝ ሸክሙ ነው” አለ። እግሩ ሲነሳ ቀልሎ ይሰማዋል፤ ጣውላውን ሲረግጥ መሬቱ ራሱ የሚገፋው ይመስለዋል።

ታናሹ ይህን ሰምቶ ዝም አላለም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ታላቁ የሚሸከመውን ያንኑ እስር ተሸከመ። ዳገቱን ወጣ፣ እላዩ ላይ ጣለው፣ ቁልቁል እየሮጠ ወርዶ ዘለለ። ከችካሉ በሁለት ስንዝር አጠረ። ደገመ፤ ባሰበት። ጭኑ እየተንቀጠቀጠ አሸዋው ላይ ተቀመጠና “ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ነገር ውሸት ነው። ሸክም ሰው ይገድላል እንጂ አያዘልልም” አለ።

ታላቁ ተቆጣ። በዓይኑ ያየውን ነው ውሸት የተባለው። ታናሹም በጭኑ የቀመሰውን ነው የሚናገረው። ሁለቱም እውነት ይዘው ሁለቱም ተጣሉ፤ ወንድማማቾች ደግሞ እንዲህ ያለ ጠብ ቶሎ አይለቃቸውም። ሲበሉም ሲተኙም ወሬያቸው ይኸው ሆነ።

ያላለቀውን ፎቅ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ የወጡበት ያ ክፍል ማለት ነው። እሳቸው ራሳቸው ሩጫ ያን ያህል አልሆነላቸውም፤ ይሁን እንጂ ሌላው ሲሮጥ ዳር ቆሞ ማየት ያስተማራቸው ነገር አለ። ልጆቹ ሲጨቃጨቁ ሰምተው ወደ አጥሩ ጠጋ አሉ።

“አንተ” አሉ ታላቁን፣ “ሸክሙን አውርደህ እስክትዘል ድረስ ምን ስትሠራ ትቆያለህ?”

“ምንም አባባ። ገመዴን እጠቀልላለሁ፣ ሂሳቤን እቀበላለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ ከዚያ በእግሬ ቀስ ብዬ ወደዚህ እወርዳለሁ።”

“አንተስ?”

“እኔማ ወዲያው ነው አባባ፤ ሙቀቱ ሳይለቀኝ።”

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። “ሸክሙ አንድ ነው፤ የምትሠሩት ግን የተለያየ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኑና እንየው” አሏቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የሽማግሌው ባለቤት እበሩ ላይ ከሰል አቀጣጥለው ቡና ያፈላሉ። ሽማግሌው የእጅ ሰዓት የላቸውም፤ ሰዓታቸው ይህ ቡና ሆነ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹን ሜዳውን በቀስታ እንዲዞሩ፣ እግራቸውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ እንዲያፍታቱ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ጠብ ሲል እንዲዘሉ አዘዟቸው። ሸክም የለም። ሁለቱም ችካላቸው ጋ ደረሱ፤ አላለፉም፣ አላጠሩም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ይህንኑ ካደረጉ በኋላ ታላቁ እስሩን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣና ተመለሰ። አራግፎ ሳይቆም ሽማግሌው “ዝለል!” አሉት። ዘለለ። ከገዛ ችካሉ በአንድ ስንዝር አጠረ። ልጁ ማመን አቃተው። አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ተረከዙ የተከለውን ጎድጓዳ ምልክት እያየ “እግሬ አልታዘዝ አለኝ” አለ። ሽማግሌው መልስ አልሰጡትም። ቅጠል ያለባት ቀጭን የባሕር ዛፍ ጭራሮ አምጥተው ምልክቱ ላይ በመዳፋቸው ወደ ታች ገፍተው ተከሏት።

በሦስተኛው ቅዳሜ እንደገና እስሩን ተሸከመ። ሲያወርድ ግን ሽማግሌው ጋቢያቸውን ትከሻው ላይ ጣሉና ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። አቦሉ ተቀዳ። ቡናውን የሚጠጡት እሳቸው ናቸው፤ እሱ ይጠብቃል። ፉት ይላሉ፣ ሲኒውን ያስቀምጣሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ደግሞ ፉት ይላሉ። ልጁ ተቁነጠነጠ። “አባባ፣ መቀዝቀዜ ነው እኮ!” አለ። “ገና ነው” አሉት። አተላው ሲቀር ሲኒውን ደፉና “አሁን” አሉ። ጋቢውን ጥሎ ሮጠ። ጣውላውን ሲረግጥ የተሰማው ድምፅ ራሱ ከሌላው ቀን የተለየ ነበር፤ አጭር፣ ደረቅ። ችካሉን በአምስት ጣት አለፈ።

በአራተኛው ቅዳሜ ከሸክሙ በኋላ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው ፈልቶ፣ እሱም ተጠጥቶ እስኪያልቅ አስቀመጡት፤ ጋቢም አልሰጡትም። ታኅሣሥ ነው፤ ከመናገሻ በኩል የሚመጣው ንፋስ በሸሚዝ ውስጥ ያልፋል። ሲዘል ችካሉ ጋ እንኳ ለጥቂት አልደረሰም።

ሽማግሌው አራቱን ምልክቶች በከዘራቸው እየነኩ አሳዩት። “ይሄ ያው አንተ ነህ፣ ያው ሸክም ነው” አሉ። “ስታራግፍ ሁለት ነገር ይዘህ ነው የምትወርደው፤ ድካምና ንቃት። ድካሙ ቸኳይ ነው፣ ቀድሞ ይሄዳል። ንቃቱ ትንሽ ይቆያል፤ እሱም ኋላ ይሄዳል። አንተ መዝለል ያለብህ አንዱ ከወጣ በኋላ፣ ሌላው ሳይወጣ ነው።”

ታናሹ ግን አልተረታም። እሱም በሦስተኛው ቅዳሜ አቦሉ እስኪያልቅ ጠብቆ ዘሎ ነበር፤ ያኔም ከችካሉ አጥሯል። “ለወንድሜ የሠራው ለእኔ ለምን አይሠራም?” አለ። ሽማግሌው ትከሻውን ያዝ አድርገው አዩት። የተማሪ ትከሻ ነው። “እሱ ይህን እስር ከልጅነቱ ጀምሮ ተሸክሞታል። ለእሱ ማንቂያ ነው፤ ለአንተ የቀን ሥራ ነው። ስታወርደው ድካሙ ከንቃቱ በላይ ነው፤ አንድ ሲኒ ቀርቶ ሦስት አይበቃህም” አሉት። እስሩን በግማሽ ቀነሱለት፤ ያም ከበደው። በመጨረሻ አጠናውን ጭራሽ ተዉትና በአንድ እግሩ አምስት ጊዜ፣ በሌላው አምስት ጊዜ፣ አቅሙ የቻለውን ያህል ርቆ እንዲነጥር ብቻ አዘዙት። ከዚያ አቦሉ ተቀድቶ ግማሽ እስኪደርስ አስቆሙት። ዘለለ፤ ችካሉን በሁለት ጣት አለፈ። ሁለት ጣት ትንሽ ናት። ልጁ ግን ያን ቀን እራቱን ሳይበላ አሸዋውን ሲያይ አመሸ።

ከገና በፊት ባለው እሑድ የአካባቢው ወጣቶች ውድድር ተዘጋጀ። ከአየር ጤናም፣ ከቤቴልም፣ ከሎሚ ሜዳም ልጆች መጡ። ስፓይክ ጫማ ያደረጉ አሉ፤ አሰልጣኝ ያላቸውም አሉ። ታላቁ እነሱን ሲያይ ልቡ ፈራ። ሦስተኛውን ቅዳሜ ረሳው። “አንዴ መሸከም አምስት ጣት ከጨመረልኝ ሁለቴ ብሸከም አሥር ይጨምርልኛል” ብሎ አስፋልቱ ዳር ከነበረው አጠና እስር አንስቶ ዳገቱን ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ሁለተኛውን ሲያራግፍ ድምፅ ማጉያው ስሙን ጠራ። እየሮጠ ደረሰና ዘለለ። አጠረ። ሁሉም ሰው ሦስት ዙር ስለሚዘል ገና ሁለት ቀርቶታል፤ ተራው እስኪመለስ ግን አላረፈም። “ሰውነቴ ተኝቷል” ብሎ ቁጢጥ ብድግ እያለ ሲነጥር፣ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ ቆየ። ሁለተኛውም አጠረ።

በዚህ መሃል ውድድሩ ቆመ። የክብር እንግዳው ደርሰው ንግግር ጀመሩ። ንግግሩ ረዥም ነበር፤ ስለ ሰላም፣ ስለ ወጣት፣ ስለ ሰፈሩ መንገድ። ታናሹ ለሁለተኛ ዝላዩ ነጥሮ ተዘጋጅቶ ሳለ ነው የተቋረጠበት። አልተቀመጠም። የእናቱን ጋቢ ተከናንቦ ከሕዝቡ ጀርባ በቀስታ ተመላለሰ። ጭብጨባው ሲሰማ ጋቢውን ጣለና እንደገና አምስት አምስት ጊዜ ነጠረ፤ በልቡ ግማሽ ሲኒ ቆጠረ። ሲጠራ ዘለለ። በሕይወቱ እንደዚያ ርቆ አያውቅም። ደረጃው አራተኛ ነው፤ እሱ ግን የሚያየው የራሱን ችካል ነበር።

ሽማግሌው ታላቁን ሰው መሃል ፈልገው አገኙት። እየነጠረ ነበር። ክንዱን ያዙ። “ካሁን በኋላ ምንም አትሥራ። ጋቢህን ልበስና እኔ አጠገብ ቁጭ በል።” ንግግሩ ሲያበቃ አንዴ ሜዳውን በሶምሶማ አስዞሩት፤ ሌላ ነገር ከለከሉት። ሦስተኛ ተራው ሲደርስ ልጁ ተነስቶ ሮጠ፤ ጣውላው ያን አጭር ደረቅ ድምፅ አሰማ። ዳኛው ሜትሩን ዘረጋ። ከአንድ የአየር ጤና ልጅ በቀር ሁሉንም በልጧል። ከዚያ ልጅ ያነሰው በሦስት ጣት ነው።

ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ታናሹ ጠየቀ። “ወንድም ጋሼ፣ ለመሆኑ ያ ሸክም ጠቀመህ ወይስ ጎዳህ?”

“ሁለቱንም” አለ ታላቁ። “ስጣደፍ ጎዳኝ፤ ስቀመጥ ጠቀመኝ። ሸክሙ ያው ነው።”

ምሳሌው ይህ ነው። የሽማግሌው ድካምና ንቃት ተረት አይደሉም፤ የስፖርት ሳይንስ ለረጅም ዘመን ሲያጠናቸው የኖሩ ነገሮች ናቸው። አንድ ጡንቻ በተከታታይ ሲቀሰቀስ ቀጣዩ ምቱ ከፊተኛው እየበረታ መሄዱን ሄንሪ ባውዲች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በላይፕሲክ በእንቁራሪት ልብ ላይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። በእግር ጡንቻም ውስጥ የሚሆነው ይቀራረባል። ከባድ ሥራ ሲሠራ በጡንቻው ሴል ውስጥ ካልሲየም ይለቀቃል፤ ያ ካልሲየም ማዮሲን በሚባለው ጎታች ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም ያስነሳል። ፎስፌት የተለጠፈበት ማዮሲን ለቀጣዩ ትእዛዝ ፈጣን ይሆናል፤ ያው ትንሽ ካልሲየም ከቀድሞው የበለጠ ጉልበት ያወጣለታል። ይህ ምልክት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደበዝዛል። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ጥቅም የሚያቆየው በአብዛኛው የጡንቻው ሙቀትና ወደ ጡንቻው የሄደው ደምና ውሃ ነው። ድካሙም ከመጀመሪያዋ ሰኮንድ ጀምሮ አብሮ አለ። ዝላዩ ላይ የሚታየው የሁለቱ ልዩነት ነው።

ስለዚህ ነው ከከባድ ክብደት በኋላ ወዲያው የሚዘል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጥረው። በብዙ ጥናቶች ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከታረፈ በኋላ ነው። በጉልበት ሥራ የጠነከረ ሰው ቶሎ ያገግማል፣ ጥቅሙም ይበዛለታል፤ ጀማሪው ዘግይቶ ያገግማል፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ ጥቅም አያገኝም። በነጠራና በዝላይ የሚደረግ ማሟሟቂያ ድካሙ ቀላል ስለሆነ አጭር እረፍት ይበቃዋል። የሚገኘው ትርፍ ጥቂት በመቶ ነው፤ በርዝመት ዝላይ ጣቶች ናቸው፤ ሁለተኛና አንደኛን የሚለየውም ብዙ ጊዜ እሱው ነው።

ሙቀቱን ለይቼ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ እኛ ሰፈር ብዙ የሚባክነው እሱ ነውና። የጡንቻ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በቅጽበት የሚወጣው ጉልበት ከ2 እስከ 5 በመቶ ይጨምራል። ያ ሙቀት ግን ሰውየው ቁጭ ሲል ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል፤ የታኅሣሥ ንፋስ ካለበት ደግሞ ይፈጥናል። በትልልቅ ውድድሮች አትሌቶች ከመሮጣቸው በፊት ጥሪ ክፍል ገብተው ስለሚጠብቁ ይህ ችግር የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የብሪታንያ ብስክሌተኞች በባትሪ የሚሞቅ ሱሪ ለብሰው ተራቸውን የጠበቁት ለዚህ ነው። ቀራንዮ ላይ ጋቢ አለ፤ ከማሟሟቂያ በኋላ ሲለበስ ግን ብዙም አላይም። ልጆቻችን ላባቸው እንደወረደ በሸሚዝ ሳር ላይ ይቀመጣሉ፣ ወይም አንድ ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ወጥረው ይይዛሉ፤ ረዥም መወጠር ደግሞ ከዝላይ በፊት ጉልበት እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ተለክቷል።

“እኛ የረጅም ርቀት ሰዎች ነን፣ ይህ ምናችን ነው?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ከ800 ሜትር በታች በሆነ ሩጫ፣ በዝላይም ሆነ በውርወራ ኢትዮጵያ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የላትም። ነገር ግን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲድኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ9 መቶኛ ሰኮንድ ነው፤ 27:18.20 በ27:18.29። 25 ዙር ሮጦ መጨረሻው የተቆረጠው በጥቂት እርምጃ ጉልበት ነው። በረጅም ርቀት ሯጮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ከከባድ ሩጫ በኋላ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ሲዘሉ ዝላያቸው እንደማይቀንስ፣ እንዲያውም አንዳንዴ እንደሚጨምር አሳይተዋል። የሠለጠነ ሰውነት ድካሙን ችሎ ንቃቱን ያወጣል ማለት ነው። የሲድኒው መጨረሻ በዚህ ብቻ ተገኘ አልልም፤ ልብ አለ፣ የዓመታት ልምምድ አለ፣ ስልት አለ። ሆኖም ምሳሌው የሚያወራላት፣ ድካሙ ከወጣ በኋላ ንቃቱ ሳይወጣ ያለችው ያቺ ክፍተት ለሯጭም ባዳ አይደለችም።

ሰዓቱን የሚወስነው ደግሞ ሁልጊዜ አትሌቱ አይደለም። ምሩፅ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ በሰዓቱ ባለመድረሱ የ5,000 ሜትር ውድድሩ አመለጠው፤ ምክንያቱ እስከ ዛሬ በተለያየ መልክ ይነገራል። ከ8 ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ርቀት በወርቅ ጨረሰ። የትኛውም ማሟሟቂያ ወደ ኋላ የሚቆጠረው ከጥሪው ሰዓት ነው። ጥሪው ሲዘገይ ታናሹ ያደረገውን ማድረግ ይቻላል፤ ሙቀቱን ጠብቆ መቆየትና ማንቂያውን ብቻ ለመጨረሻ ደቂቃዎች ማስቀረት።

በሜዳዎቻችን ላብ ይከበራል፤ ደግም ነው። አሰልጣኙ ልጁን ሲያደክመው ልጁም አሰልጣኙም የሠሩ ይመስላቸዋል። በማሟሟቂያ ላይ ግን ይህ ልማድ በግልጽ ይጎዳናል ብዬ አምናለሁ። ከውድድር በፊት የልጁን ጭን የሚያንቀጠቅጥ ሥራ ልጁን አላዘጋጀውም፤ ውድድሩን ቀድሞ አስጀመረው። የጓደኛን መጠን መዋስም እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ማንቂያ የሌላው የቀን ሥራ ነው። በዚህ አጋጣሚ፣ ምሳሌውን ሰምቶ ለታዳጊ ልጅ አጠና የሚያሸክም እንዳይኖር አደራ እላለሁ። ዳገት ላይ አጭር ፍጥነት፣ በአንድ እግር ነጠራ፣ ባለበት ጥቂት ከፍ ያለ ዝላይ ለእሱ ይበቃዋል።

የእያንዳንዱን ልጅ ክፍተት ለማግኘት የሚያስፈልገው አሸዋ፣ ሜትር፣ የስልክ ሰዓትና አንድ ደብተር ነው። በአንድ ቀን አንድ መጠበቂያ ብቻ ይሞከራል፤ አንድ ቀን 2 ደቂቃ፣ ሌላ ቀን 4፣ ከዚያ 6፣ 8፣ 12። በመሃሉ በቂ የእረፍት ቀን ይኑር፤ ማሟሟቂያውና ማንቂያው ሳይለወጥ የሚለወጠው መጠበቂያው ብቻ ይሁን። በእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሦስት ዝላይ ተለክቶ ይጻፋል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ወይስ ሞቃት እንደነበር፣ ልጁ ጋቢ ለብሶ ወይስ ሳይለብስ እንደጠበቀ አብሮ ይጻፋል። ልጁ በየወሩ እየጠነከረ ስለሚሄድ የዛሬው ቁጥር ለከርሞ አይሠራም፤ ደብተሩ በየወቅቱ እንደገና ይከፈታል።